ከፖርትፎሊዮዬ የሐይቅ ቀረጻ ወጣ፣ ስፌት ቤቱ ገባ

ደሴ ሆናችሁ ፊልም ለምትማሩና በግላችሁ ለምትለማመዱ ጓደኞቼ፣ ፖርትፎሊዮዬ (ችሎታዬን ለማሳየት የመረጥኳቸው ሥራዎች ስብስብ) የደረሰበትን ላካፍላችሁ። በዚህ ዙር ትልቁ ለውጥ ሐይቅ ላይ የቀረጽኩትን በሙሉ ማውጣቴ ነው።

ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አቅራቢያ በማለዳ የተነሣ ነበር፤ ጉሙ ከውኃው ላይ ሲገፈፍ ያየ ሁሉ ይወደዋል። ነገር ግን ሐይቅ ማንም ቢቀርጸው ያምራል። ተመልካች ቦታውን አድንቆ ያልፋል እንጂ ካሜራውን የያዘው ሰው ምን እንደወሰነ አያይም። ፖርትፎሊዮን የሚያይ መምህር ወይም አሠሪ ደግሞ የሚፈልገው ያንን ውሳኔ ነው፦ ካሜራውን ለምን እዚህ አቆመው? ለምን እዚህ ላይ ቆረጠ?

በምትኩ ያስቀደምኩት ሸዋ በር አካባቢ በሚሠሩ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ላይ ያዘጋጀሁትን የ6 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ነው። አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ በር፣ አንድ የስፌት መኪና። አባባ በጨዋታ መካከል «መኪናዋ ስትታመም በድምፅዋ ነው የማውቃት» አሉኝ፤ የፊልሙ መልክ ከዚህ ንግግር ወጣ። መጀመሪያ ስክሪኑ ጥቁር ነው። የመርገጫው ምት ይሰማል፣ ይዘገያል፣ ይቆማል፤ እጃቸው የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ድምፁን ከካሜራው ማይክሮፎን አልወሰድኩም። መቅጃውን ከመኪናዋ አጠገብ አስቀመጥኩ፤ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ጸጥታም ለብቻው ቀዳሁ። እባካችሁ ይህን አትዝለሉት። በቅንብር ጊዜ በሁለት ንግግሮች መካከል የሚቀረውን ክፍተት የሚሞላው ይህ ጸጥታ ነው፤ ከሌለ ድምፁ በተቆረጠበት ሁሉ ይታወቃል። በባቲና በአምባሰል ቅኝት ያደገ ሰው ከሥር ማሲንቆ ለማስገባት እጁ ይቃጣዋል፤ እዚህ ግን መኪናዋ ትበቃለች።

ለምሽቱ ትዕይንት የፍሎረሰንት መብራቱን ተጠቅሜያለሁ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ እንዲህ ያለው መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይፈዛል። ካሜራውን በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ የሹተር ፍጥነቱን፣ ማለትም አንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ስታደርጉት እያንዳንዱ ፍሬም ሁለት ሙሉ የብርሃን ምቶችን ስለሚይዝ ምስሉ አይርገበገብም። ብዙ ስልኮች በ30 ፍሬም እንዲቀርጹ ተስተካክለው ስለሚመጡ ከመቅረጻችሁ በፊት ተመልከቱት።

ሁለተኛው ሥራ የባቲ የሰኞ ገበያ ነው፤ ንግግር የለውም። የግመል ተራው እጅግ ሰፊ ስለሆነ ሁሉንም ለማሳየት አልሞከርኩም፤ ገመድ ብቻ ተከተልኩ፣ ከሻጩ እጅ ወደ ገዢው እጅ እስኪያልፍ ድረስ። ባለግመሎቹን አንድ በአንድ አስፈቅጃለሁ። ወሎ ነውና ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያይቆ ሳይጠገብ ካሜራ አይወጣም፤ ያ ጊዜ ከቀረጻው ተለይቶ የሚታይ አይመስለኝም፤ ሰዎቹ ሌንሱን የረሱት በእርሱ ነው።

ሦስተኛው ከጓደኞች ጋር የሠራነው አጭር ልብ ወለድ ትዕይንት ሲሆን የእኔ ድርሻ ቀረጻ ብቻ ነበር፤ በእያንዳንዱ ሥራ ሥር ድርሻዬን በአንድ መስመር ጽፌያለሁ። በጋራ የተሠራን ሥራ የራስ ብቻ አስመስሎ ማቅረብ የጓደኛን ድካም መውሰድ ነው፤ ይህን በጣም አምርሬ ነው የምለው።

የስፌት ቤቱን ፊልም ከማንም በፊት ያሳየሁት ለአባባ ነው፤ እዚያው ስፌት ቤቱ ውስጥ፣ በላፕቶፕ። እንዲህ እንዲሆን ከመጀመሪያው ቃል አስገብተውኛል። ዝም ብለው አዩና የአንድ ደንበኛ ፊት የሚታይበት ቦታ እንዲወጣ ጠየቁ፤ ወጣ። ቀጥሎ በፕሮጀክተር ስሞክረው የምሽቱ ትዕይንት በላፕቶፑ ላይ ከታየው በላይ ጠቆረ፤ ስለዚህ ለፕሮጀክተር የሚሆን ትንሽ የፈካ ሁለተኛ ቅጂ አዘጋጅቻለሁ። ሥራችሁን በአዳራሽ የምታቀርቡ ከሆነ ሰው ሳይገባ በፊት ፕሮጀክተሩንም ድምፅ ማጉያውንም ፈትሹ።

አሁን የቀረኝ የመክፈቻው ርዝመት ነው። ጥቁሩ ስክሪን 20 ሰከንድ ይቆያል፤ አንዳንዶች ረዘመ ይላሉ፣ እኔ ግን ላሳጥረው አልፈለግኩም። ቅዳሜ ስንገናኝ አሳያችኋለሁ፤ ምስሉ ከመምጣቱ በፊት ድምፁን ብቻ ሰምታችሁ ክፍሉ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ንገሩኝ። ካልታወቃችሁ አሳጥረዋለሁ።