የ1759 ንባብ፦ ካንዲድና ራሴላስ በ10 ምሽት

ከአውሮፓ የአብርሆት ዘመን (18ኛው ክፍለ ዘመን) አንድ ዓመት መርጦ የዚያን ዓመት ሥራዎች ብቻ ለማንበብ 1759ን የሚያህል የለም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ 1751 አካባቢ ነው፤ ጎንደር ላይ ዐፄ ኢዮአስ ነግሠው ነበር።) የፈረንሳዊው የቮልቴር ልብ ወለድ «ካንዲድ» በጥር ወጣ፣ ስለ ኢትዮጵያዊ ልዑል የሚተርከው የእንግሊዛዊው የሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ» በሚያዝያ። ሁለቱም አንድ ወጣት አገር ለአገር እያዞሩ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ሰው የት ቢኖር ይደላዋል? ጆንሰን ራሱ፣ የወጡበት ጊዜ እንዲህ ባይቀራረብ ኖሮ አንዱ ከሌላው አልቀዳም ማለት አይቻልም ነበር ብሏል።

የመጀመሪያው ዙር አከፋፈል ቀላል ነው። ካንዲድ 30 ምዕራፍ አለው፣ ራሴላስ 49። በየምሽቱ ከዚያ 3፣ ከዚህ 5 ሲያዝ በ10ኛው ምሽት ሁለቱም ያልቃሉ፤ የመጨረሻው ምሽት ለራሴላስ 4 ብቻ ይተርፈዋል። ካንዲድን ጨርሶ ወደ ራሴላስ መሄድ ግን አያዋጣም። ቮልቴር በ5ኛው ምዕራፍ ብቻ ማዕበል፣ የመርከብ መስጠምና የሊዝበንን የመሬት መንቀጥቀጥ ያሳልፋል። በዚያ ፍጥነት የከረመ አንባቢ ጆንሰን ዘንድ ሲደርስ እንቅልፍ ይጥለዋል።

የጆንሰን ቀልድ የሚገኘው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ነውና። 4ኛውን ምዕራፍ ተመልከቱ፦ ልዑሉ 20 ወር በምኞት ብቻ ያሳልፋል። ጊዜው መባከኑ ሲገባው ደግሞ ከእንግዲህ በባዶ ውሳኔ ጊዜ ላለማጥፋት ለመወሰን 4 ወር ይፈጅበታል። የሚያነቃው ሲኒ የሰበረች አገልጋይ ናት፤ የማይጠገን ነገር አይቆጭም ስትል ይሰማታል። ያን ጊዜ በመቆጨቱ ይቆጫል! ቶሎ ቶሎ ያነበበ ይህን ዘሎት ያልፋል፤ መፍትሔው ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ነው። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱትን ያገኘ ሰው ከእንግሊዝኛው ጎን ዘርግቶ ቢያስተያይ ብዙ ያተርፋል።

የእኛ አገር አንባቢ የሚደናቀፍበት ሌላ ቦታ አለ። ጆንሰን ኢትዮጵያን አላየም፤ የፖርቱጋላዊውን ጀስዊት የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ በ1735 አሳትሞ ነበር። የልዑሉ ስም ከዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ እንደተወሰደ ይነገራል። የንጉሥ ልጆች እስር አምባ ግሸን አናት ላይ እንደነበር እናውቃለን፤ ጆንሰን ግን አምባውን ገልብጦ በተራራ የተከበበ ሸለቆ አደረገው፣ ያለ መሣሪያ የማይከፈት የብረት በር ገጠመለት፣ ንጉሡም በዓመት ለ8 ቀን እንዲጎበኘው አደረገ። ስለዚህ ካርታ አትዘርጉ።

ካንዲድ ላይ ችግሩ የቅጂ ነው። ርዕሱ ላይ ዶክተር ራልፍ (ቮልቴር የፈጠረው ደራሲ) ሚንደን ከተማ ላይ በ1759 ሞተ የሚል ካለ በእጃችሁ ያለው የ1761 እትም ነው፤ የፓሪሱ 22ኛ ምዕራፍ እዚያ ላይ ረዝሟል። በቡድን የሚያነቡ ሰዎች በተለያየ ቅጂ ካነበቡ በዚህ ምዕራፍ ላይ አይግባቡም። ከመጀመር በፊት ሁለት ቀን መያዝም ይጠቅማል፦ የሊዝበን ጥፋት ኅዳር 1 ቀን 1755፣ የእንግሊዙ የባሕር ኃይል አዛዥ የአድሚራል ቢንግ መረሸን መጋቢት 14 ቀን 1757። ያለ ሁለተኛው የ23ኛው ምዕራፍ ምሬት ተራ ቀልድ ይመስላል።

ሁለተኛው ዙር ቲያትር ነው። በ1759 ጸደይ የፓሪሱ ቲያትር ቤት ኮሜዲ ፍራንሴዝ መድረኩ ላይ ይደረደሩ የነበሩትን የተመልካች ወንበሮች አነሣ፤ ወጪውን የሸፈነው ኮንት ደ ሎራጌ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1748 የቮልቴር ተውኔት «ሴሚራሚስ» ሲታይ፣ የሟቹ ንጉሥ መንፈስ በባለጸጎች መሐል እየተጋፋ ነበር የወጣው። ከዚያ ወደ በርሊን፦ ጀርመናዊው ጸሐፊ ሌሲንግ ስለ ሥነ ጽሑፍ ካሳተማቸው ደብዳቤዎች 17ኛው፣ የካቲት 16። የጀርመን ቲያትር የፈረንሳይን እንዲከተል የሚሻውን ጎትሼድን ያብጠለጥላል፣ ሼክስፒር ከፈረንሳዊው ኮርኔይ ይልቅ ለጀርመኖች ይቀርባል ይላል። መጨረሻው ላይ የተለጠፈችውን የፋውስት ትዕይንት እንዳትዘሏት። ለአንድ ምሽት የሚበቃው ደግሞ የሌሲንግ የዚያው ዓመት ተውኔት «ፊሎታስ» ነው፤ አንድ ገቢር፣ ስድ ንባብ፣ አንዲት ሴት ገጸ ባሕርይ የሌለበት።