የእምዬ ጓሮ እና የፎቶ ቤቱ ሐይቅ

ሰሞኑን የእናቴን ቁም ሳጥን ስናጸዳ የአያቴ ፎቶ ወጣ። ያው የድሮ ፎቶ ቤት ፎቶ ነው፣ እምዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ ከጀርባዋ ደሞ መጋረጃ ላይ የተሳለ ሐይቅ፣ ዳክዬ ይሁን ሌላ የማይለይ ነጭ ወፍ፣ አናቱ በረዶ የለበሰ ተራራ። እስቲ አስቡት፣ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ጣና እዛው ተኝቶ እያለ፣ ሴትዮዋን የማን አገር እንደሆነ በማይታወቅ ሐይቅ ፊት አቁመው አነሷት!

እኔን የከነከነኝ ግን ጓሮዋ ነው። ማንጎ፣ ዘይቱን፣ ሦስት እግር ቡና፣ ጌሾ፣ አጥሩ ጥግ ጤናዳም ነበራት፣ አንድም ፎቶ የለንም። ቦታው ተሽጦ አሁን ጂ ፕላስ ፎር ቆሞበታል፣ ምድር ቤቱ ሞባይል ቤት ነው።

ለነገሩ የኛ ሰው አገሩን መሳል ብዙም አልለመደም። ባለፈው በጀልባ ዘጌ ሄጄ ኡራ ኪዳነ ምሕረት መቅደሱ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ሳይ ፈረሱም ጦሩም ያ ትልልቅ ዓይንም አለ፣ ከጀርባቸው ግን አብዛኞቹ ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ቀለም ብቻ ነው። ያን ሁሉ ደን ውስጥ እየኖሩ ምነው አንድ ዛፍ ቢያክሉበት ብዬ ነበር፣ ስወጣ ነው ነገሩ የገባኝ፣ ደኑ እዛው ውጭ ቆሟል። ዘጌ ላይ በበሬ አይታረስም፣ ቡናው ጌሾውና ሎሚው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር የበቀለ ነው ይባላል፣ እና ሰዉ ጻድቁን የሚያስታውሰው ቡናውን እየለቀመ ነው፣ ማን ሸራ ላይ ይስለዋል።

ሞኔ የሚባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ግን መትከሉንም መሳሉንም፣ ሁለቱንም አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1883 ዢቨርኒ የምትባል መንደር ገብቶ አትክልቱን ተከለ፣ ቆይቶ ኩሬ አስቆፈረ፣ ከዛ በኋላ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት እንኳን እሱኑ ሲስል ኖረ፣ በ1923 ኦፕራሲዮን ተደርጎም ቀጠለ። ግድግዳ የሚሞሉት የኩሬ አበባ ሥዕሎቹ ፓሪስ ኦራንዠሪ ሙዚየም ለሕዝብ የተከፈቱት በ1927 ነው፣ እሱ ከሞተ በኋላ። (እኛ ጋ ውሃ ላይ የተንጣለለ አበባ ከታየ እምቦጭ ነው፣ እሱ ላይ ቆሞ ሰልፊ የሚነሳም አለ፣ ይቅር ይበለው።)

እኔ ግን የምተክልበትም የለኝ፣ መሳልም አልችልም። ብቻ ወረቀት አወጣሁና እናቴን የቱ ዛፍ የት እንደነበር ንገሪኝ አልኳት። ማንጎው በሩ ጋ፣ ጌሾው ከኩሽናው ጀርባ፣ እስከዚህ በሰላም ሄድን። ዘይቱኑ ላይ ስንደርስ ጎንደር ያለችው አክስቴን ስልክ ላይ አስገባናት፣ እናቴ አጥሩ ጋ ነው ትላለች፣ አክስቴ ደሞ «ከሱ ላይ ወድቄ እጄን የተሰበርኩት እኔ፣ አንቺ ልትነግሪኝ ነው? ጉድጓዱ ጋ ነው!» ብላ ስልኩን ጆሯችን ላይ ዘጋችው።

ለጊዜው ሁለቱም ቦታ ላይ በእርሳስ አድርጌዋለሁ።