የካስታማንዳፕ ምሰሶዎች

ሚያዝያ 17 ቀን 2007 ዓ.ም. እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ኔፓልን የመታው፣ መጠኑ 7.8 የተለካው የመሬት መንቀጥቀጥ ወደ 9,000 የሚጠጋ ሰው ገድሏል፤ በካትማንዱ ሸለቆ የሚገኙ በርካታ ቤተ መቅደሶችንና ጥንታዊ ሕንጻዎችንም አፍርሷል። ከፈረሱት አንዱ ካስታማንዳፕ የተባለው ትልቅ የእንጨት ሕንጻ ነበር። በዚያች ሰዓት ውስጡ የደም ልገሳ ይካሄድ ስለነበር፣ የሌላውን ሕይወት ለመታደግ የመጡ ሰዎች በፍርስራሹ ሥር ቀርተዋል።

እንዲህ ያለ አደጋ በደረሰ ማግስት «መጀመሪያ ለሰው ቤት ይሠራ፣ ቅርሱ ይቆየን» መባሉ አይቀርም። ሐሳቡ ከርኅራኄ የመነጨ ቢሆንም፣ የካትማንዱን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ሁለቱን መነጣጠል እንደማይቻል ይበልጥ አምናለሁ። የሸለቆው ነባር ነዋሪዎች የሆኑት ኔዋሮች ጉቲ የሚሏቸው ማኅበራት አሏቸው፤ እድርን ለሚያውቅ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም። አንዱ ጉቲ አስከሬን ይሸኛል፣ ሌላው በዓል ያሰናዳል፣ ሌላው ደግሞ ከመሬቱ በሚያገኘው ገቢ መቅደስ ያድሳል። አምስት ወር ያህል ቆይቶ የኢንድራ ጃትራ በዓል ሲደርስ፣ ሕዝቡ በፍርስራሽ በተከበበው አደባባይ ሠረገላውን ጎትቷል።

ካስታማንዳፕ የፈረሰው ስላረጀ ነው ብለው የደመደሙ ብዙዎች ነበሩ። አርኪዮሎጂስቶች ቦታውን ሲቆፍሩ ግን የጡብና የጭቃ መሠረቱን ደህና ሆኖ አገኙት፤ ዕድሜውም በ12ኛው ክፍለ ዘመን ተሠራ ሲባል ከኖረው ርቆ ወደ 7ኛው ክፍለ ዘመን ተጠጋ። ጉድለቱ የተገኘው ከላይ ነው፤ ሕንጻውን ከሚሸከሙት አራት ታላላቅ የእንጨት ምሰሶዎች አንዱ ከሥሩ ካለው ተሸካሚ ድንጋይ ጋር በአግባቡ አልተያያዘም ነበር። ጥንታዊው አሠራር አልከዳም፤ የከዳው አሠራሩን ሳያውቁ የሚደረግ ጥገና ነው ብዬ አምናለሁ።

ግንባታውን በጨረታ ለሥራ ተቋራጭ የመስጠት ሐሳብ ሲመጣ ነዋሪዎች አጥብቀው የተቃወሙትም ለዚህ ይመስለኛል። በመጨረሻ የአካባቢው ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ሥራውን ተረክቦ፣ በእንጨት፣ በጡብና በጭቃ በ2014 ዓ.ም. አጠናቀቀው። ከዚያ ቀደም ሲል፣ በሰኔ 2011 ዓ.ም.፣ ጉቲዎችን በመንግሥት ባለሥልጣን ሥር ያደርጋል የተባለ ረቂቅ ሕግ በቀረበ ጊዜ፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ካትማንዱ ውስጥ አደባባይ ወጥቶ ረቂቁ እንዲሰረዝ አድርጓል። ያን ሰልፍ ከግንባታው ለይቼ አላየውም፤ መሬቱን የተነጠቀ ጉቲ መቅደስ የሚያድስበት ገቢ፣ አናጺውንም በሥራ ላይ የሚያቆይበት አቅም አይኖረውም።