«ንስሩ የት አለ?»፦ ስለ ጥንብ አንሳ የልጆች መጽሐፍ ስጽፍ የገጠመኝ

ለልጆች ስለ አሞራ መጻፍ ያማራችሁ ካላችሁ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔ ስጀምር ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። ምክር ግን ሞልቶ ነበር። ጥሩ ካሜራ ግዢ፣ ሰሜን ተራሮች ውጪ፣ አስጎብኚ ቅጠሪ ተባልኩ። ካሜራ አልገዛሁም። ሰሜን ተራሮችንም ያየሁት መጽሐፉ ታትሞ ካለቀ በኋላ ነው።

መጽሐፉ ለ4ኛ እና ለ5ኛ ክፍል ልጆች የሚሆን ትንሽ ታሪክ ነው። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ጥንብ አንሳ ናት። ንስር አይደለችም። ይህን ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የጀመርኩት ቄራ አካባቢ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተደርድረው የሚውሉትን ትንንሽ ቡናማ ጥንብ አንሶች የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ቆም ብሎ የሚያያቸው ግን የለም። ፊታቸው ላባ የለውም፤ ነጣ ያለ ሮዝ ነው። አንድ ቀን ሁለቱ በአንድ ቁራጭ ጅማት ሲጓተቱ አየሁ። የሁለቱም ፊት ወዲያው ቀላ፤ ደም የመሰለ ቀይ። አንዷ ጅማቱን ነጥቃ ስትሄድ የተሸነፈችው እዚያው ቆማ ቀረች፤ ፊቷም ቀስ እያለ ወደ ቀድሞ መልኩ ተመለሰ። ሲናደድ ፊቱ የሚቀላ ወፍ! ከዚህ በላይ ገጸ ባሕርይ ከየት ይመጣል? የዚያኑ ቀን ማታ መጻፍ ጀመርኩ።

ቀጥሎ ደብረ ሊባኖስ ሄድኩ። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሕዝብ ማመላለሻ ይደረሳል። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ። ወፍ ለማየት ጎህ ሲቀድ ውጡ የሚሉ አሉ። ለሌላ ወፍ እውነት ይሆናል። ለጥንብ አንሳ ግን እንቅልፋችሁን ተኙ። ከባድ ወፍ ስለሆነ ፀሐይ ገደሉን አሙቃ አየሩ ሽቅብ መውጣት ሳይጀምር አይነሳም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ የፖርቱጋል ድልድይ ከሚባለው በላይ ያለው ገደል አፋፍ ላይ ተቀመጡ። ከታች እየተሽከረከሩ ይመጣሉ። መጀመሪያ ጀርባቸውን ታያላችሁ፣ ቀጥሎ ከዓይናችሁ ትክክል ይሆናሉ፣ ከዚያ በላያችሁ ያልፋሉ። በቅርብ ሲያልፉ የክንፋቸው ድምፅ ነጠላ ሲራገፍ የሚሰማውን ይመስላል።

ጢማሙን ጥንብ አንሳ ያየሁትም እዚያው ነው። አጥንት ተሸክሞ ከፍ ይልና ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይለቀዋል። ካልተሰበረ ወርዶ ያነሳና እንደገና ይለቀዋል። አይሰለቸውም። መቅኔውን ብቻ ሳይሆን አጥንቱንም ይውጠዋል፤ የጨጓራው አሲድ ያሟሟዋል። ይህን ገጽ ለልጆች ሳነብ ሁሌም ጫጫታ ይነሳል። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ቢያስመልሰውስ?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጥንብ አንሶች ሲፈሩ እውነትም ያስመልሳሉ።

ረቂቁን ጨረስኩ። ሰዓሊ አገኘሁ። አርታኢዬ ዓረፍተ ነገሮቼን አሳጠረችልኝ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

ከዚያ ሰው ሁሉ «ትምህርት ቤት እንዲገባልሽ ከፈለግሽ አስገምግሚ» አለኝ። መጽሐፉ የድጋፍ ደብዳቤ ካገኘ ለቤተ መጻሕፍት ይገዛል ተባለ። ቢሮውን አልጠራም፤ ረቂቁን በሦስት ቅጂ አስገባሁ። ቀጠሮ ተሰጠኝ። ሄድኩ፤ ገምጋሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሌላ ቀን ሄድኩ፤ መስክ ወጥተዋል። ደግሞ ሄድኩ፤ ሰውየው አሉ፣ ረቂቁ የለም። በመጨረሻ ረቂቁም ሰውየውም በአንድ ቀን ተገናኙልኝ።

ክፉ ሰው አልነበሩም። ሻይ አዘዙልኝ። ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ ራሱ ነጭ የሆነ ንስር ያለበት ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል፤ ከሥሩ ስለ ለውጥ የሚናገር ጽሑፍ አለው። ረቂቄን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጡት።

«የኔ እህት፣ ንስሩ የት አለ?»

«ጋሼ፣ መጽሐፉ ስለ ጥንብ አንሳ ነው።»

«እሱማ አየሁት። ግን ለልጅ ጥንብ ይነገራል? ንስር አድርጊው። ያ ታሪኩም አለ፤ የሚታደሰው።»

ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ንስር 40 ዓመት ሲሞላው ምንቃሩ ይቆለመማል፣ ጥፍሩ ይዶለዱማል፣ ላባው ይከብደዋል። ስለዚህ ተራራ ላይ ይወጣና ምንቃሩን ከድንጋይ ጋር አጋጭቶ ይሰብራል። አዲሱ ሲበቅል ጥፍሩን ይነቅላል፤ ጥፍሩ ሲበቅል ላባውን ይነጫል። ከ150 ቀን በኋላ ታድሶ ሌላ 30 ዓመት ይኖራል። በስብከት ሰምተነዋል፣ በሥልጠና ሰምተነዋል፣ የሙሽራ ሽማግሌ ሲመርቅበትም ሰምቻለሁ።

አንዱም እውነት አይደለም። ምንቃር እንደ ጥፍራችን ሁሌ ያድጋል፣ ሁሌም ይሞረዳል። ምንቃሩን ከሥሩ የሰበረ ንስር መብላት አይችልም፤ 150 ቀን ቀርቶ ጥቂት ሳምንታትም አይቆይም። ላባም በየጊዜው ጥቂት በጥቂት እየወደቀ ይተካል እንጂ በአንዴ ተነጭቶ አይታደስም። ዱር ውስጥ 30 ዓመት የደፈነ ንስር ራሱ ብርቅ ነው። ይህን ሁሉ በትህትና አስረዳኋቸው።

«መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አለ እኮ» አሉኝ።

ዳዊት ጎልማሳነት እንደ ንስር እንደሚታደስ ይናገራል። ስለ ድንጋይና ስለተሰበረ ምንቃር ግን አንድም ቃል የለውም። ይህንንም አልኳቸው። አለማለት ነበረብኝ መሰለኝ፤ ፊታቸው ልክ እንደ ቄራዎቹ ቀላ።

አስተያየታቸውን በጽሑፍ ሰጡኝ። ሦስት ነጥብ ነበረው። አንደኛ፣ ጥንብ አንሳ ለሕፃናት አርአያ ስለማይሆን በንስር ይተካ። ሁለተኛ፣ ሞት ያለበት ምዕራፍ ይውጣ። ሦስተኛ፣ የንስር ተሐድሶ ታሪክ ይካተት። ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የወጪ ቁጥር አለው።

በጽሑፍ መልስ ሰጠሁ። ስለ አርአያነት ህንድን ጠቀስኩ። በ1990ዎቹ (በፈረንጆቹ) ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ለከብት ይሰጥ ነበር። ያ መድኃኒት ያለበትን በድን የበሉ ጥንብ አንሶች ኩላሊታቸው እየወደመ አለቁ። ጥንቡን የሚያነሳ ሲጠፋ ውሻ በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋትም አብሮ ጨመረ። በከፍታም ቢሆን ማንም አይበልጣቸውም ብዬ ጻፍኩ። የሩፔል ጥንብ አንሳ በ1973 እ.ኤ.አ. አይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ 11,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል፤ ከዚያ በላይ ሲበር የተመዘገበ ወፍ የለም። ስሙን ያገኘው በ1830ዎቹ (በፈረንጆቹ) ወደ አገራችን መጥቶ ሰሜን ተራሮችና ጎንደር ከደረሰው ጀርመናዊ ተጓዥ ነው። ይህ ወፍ ደብረ ሊባኖስ ገደል ላይ አለላችሁ፣ በዓለም ደረጃም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተመድቧል። ለኢትዮጵያዊ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ይነገረው?

የሞቱን ምዕራፍ አላወጣም አልኩ። በመጽሐፌ ውስጥ የጥንብ አንሳዋ ጓደኛ የሚሞተው በመርዝ የተገደለ ውሻ በልቶ ነው። የፈጠርኩት ነገር አይደለም። ከተሞቻችን ባለቤት የሌለውን ውሻ በመርዝ ሲያስወግዱ ኖረዋል፤ ሬሳውን የበላ አሞራም አብሮ ይሞታል። «ለልጅ ሞት አይጻፍም» የሚባለውን መመሪያ እርሱት። በዓል በመጣ ቁጥር በግ ጓሮው ሲታረድ የሚያይ ልጅ ነው። ሞትን አይፈራም፤ ውሸትን ግን ቶሎ ይለያል።

መልሴ ገባ። ዝም። ስደውል «በሂደት ላይ ነው»። ብዙ ቆይቼ ስሄድ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ ሰውዬው ተዛውረዋል። አዲሷ ወይዘሮ ፋይሉን አገላብጠው ከየት እንደሚጀምሩ ስለጨነቃቸው «እንደ አዲስ ብታስገቢው ይሻላል» አሉኝ። ፖስተሩ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው።

ያበሸቀኝ ግን የእሳቸው መልስ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነው። ጉዳዩን ለአንድ የሕግ ባለሙያ ዘመዴ ሳጫውተው ሳቀብኝ። «ለማሳተም ማን ፈቃድ ጠየቀሽ?» አለኝ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ቅድመ ምርመራን ይከለክላል። የመማሪያ መጽሐፍ ሌላ ነገር ነው፤ የታሪክ መጽሐፍ ግን ማንም ይሁንታ ሳይሰጠው ይታተማል። ደብዳቤው የሚያስፈልገው ለዚያ ግዢ ብቻ ነበር። ያን ያህል ደጅ የጠናሁት እንደ ግዴታ ስላወሩልኝ ነው፤ ቢሮው ውስጥም ግዴታ አይደለም ያለኝ አንድ ሰው የለም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። መጀመሪያ አሳትሙ። ግምገማ ከፈለጋችሁ የታተመውን መጽሐፍ ይዛችሁ ሂዱ። የታተመን ነገር «ንስር አድርጊው» ማለት ያስቸግራል።

የሽፋኑም ነገር አለ። ዲዛይነሩ የመጀመሪያውን ሥራ ሲልክልኝ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ያው የቢሮው ፖስተር ላይ ያለው ራሱ ነጭ የሆነ ንስር! ይህ ወፍ የሚኖረው ሰሜን አሜሪካ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ ንስር ብላችሁ ስትፈልጉ ቀድሞ ስለሚመጣ ነው በየመጽሐፉና በየባነሩ የሚለጠፈው። «ሐዋሳ ላይ አይቼዋለሁ» ብሎ ተከራከረኝ። ሐዋሳ ያየው የአፍሪካ ዓሣ አዳኝ ንስር ነው፤ የእሱ ነጭ ከራሱ አልፎ እስከ ደረቱ ይወርዳል። ሁለተኛው ሥራ አንገቱ እንደ ሰጎን የረዘመ ጥንብ አንሳ ይዞ መጣ። በመጨረሻ ሰዓሊውን ራሱን ቄራ ይዤው ሄድኩ። ቆርቆሮው ሥር ቆሞ በእርሳስ የሳላት ናት ሽፋኑ ላይ ያለችው። ስለዚህ «አሞራ ሳልልኝ» ብላችሁ ብቻ አትተዉ፤ ወፉን አሳዩት።

1,000 ቅጂ አሳተምኩ። ለመጻሕፍት መደብር የሚሄደው ኮሚሽን ስላልተዋጠልኝ አብዛኛውን ራሴ በየትምህርት ቤቱ እየዞርኩ ሸጥኩት። ርዕሰ መምህራንን ትታችሁ የአካባቢ ሳይንስ መምህራንን ፈልጉ። እነሱ አንድ ገጽ ካነበቡ ለሚቀጥለው ክፍል ይወስዱታል። አሁን የቀረኝ ጥቂት ነው፤ እኮራበታለሁ፣ አልደብቅም።

በቅርቡ ከዚያው ቢሮ ተደወለልኝ። የንባብ ዐውደ ርዕይ አዘጋጅተዋል፤ «ያቺ የጥንብ አንሳዋ መጽሐፍ» በጣም ስለተወደደች 50 ቅጂ በስጦታ እንዳበረክት ጠየቁኝ። ደስ ይለኛል አልኳቸው። ማህተም፣ ፊርማና የወጪ ቁጥር ያለው ደብዳቤ ብቻ ጻፉልኝ አልኩ። በሂደት ላይ ነው ብለውኛል።