ከግቤ ሸለቆ እስከ ጅማ፦ አርጅቶ የማይጣለው መትረየስ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ወልቂጤን አልፎ ወደ ግቤ ሲወርድ ሙቀቱ በድንገት ይመጣል። በ1933 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የእንግሊዝ አዛዦች የሚመሯቸው የናይጄሪያና የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች የጣሊያንን ጦር እየገፉ ወደ ጅማ ያለፉት ይህንኑ ወንዝ ተሻግረው ነው። የእንግሊዝ ሠራዊት የዚያን ዘመን ከባድ መትረየስ ቪከርስ ነበር፤ እርሱም ሂራም ማክሲም እ.ኤ.አ. በ1884 ከሠራው መሣሪያ የተወለደ ሲሆን፣ ጥይቱ ሲተኮስ የሚፈጠረውን ግፊት ቀጣዩን ጥይት ለማጉረስ ይጠቀምበታል።

ጅማ በዝናብ ተቀበለችኝ። ያረፍኩት ሄርማታ መርካቶ አጠገብ፣ በወዳጄ አጎት ቤት ነው። እኚህ ጡረተኛ ሻምበል በንጉሡ ዘመን ብራውኒንግ በተባለው የአሜሪካ መትረየስ ሠልጥነው፣ በደርግ ጊዜ ደግሞ በሶቪየት መሣሪያ ያገለገሉ ሰው ናቸው።

«ሻምበል፣ ይህን ያህል ዘመን ያለፈው መትረየስ ለምን አይለወጥም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ከመሳቢያ አንድ ባዶ ቀለህ አውጥተው በጥፍራቸው ከታች ወጣ ያለውን ጠርዝ እየነኩ፣ «ጥይቱ ነው ልጄ፤ ጥይቱ ካልተለወጠ መሣሪያው ወዴት ይሄዳል?» አሉኝ። ቀለሁ ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ1891 ለሞሲን ጠመንጃ የተቀበለችው 7.62 በ54 ሚሊሜትር ነው። ጠርዙ ጥይቱን ከሰንሰለቱ በቀጥታ ወደ ፊት መግፋትን ስለሚያስቸግር፣ የሶቪየቱ መትረየስ ፒኬኤም መጀመሪያ ወደ ኋላ ይመዝዘውና ዝቅ አድርጎ ያጎርሰዋል። ዘዴው የተወሳሰበ ይምሰል እንጂ፣ በየመጋዘኑ የተከማቸውን ጥይት ከመጣል እጅግ ይረክሳል። ጀርመኖችም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኤምጂ 42 የተባለውን መትረየሳቸውን አልጣሉትም፤ ለኔቶ ጥይት አስተካክለው ኤምጂ 3 አሉት። ይህ ዕድሜ ለሠራዊት በጀት በረከት ቢሆንም፣ ጦርነት ባለፈበት አገር ለሚኖር ሰው የሚያስደስት ነገር አይደለም፤ የማይበላሽ መሣሪያ ከተኩስ አቁም በኋላም ይሠራልና።

ሻምበል ግን ብራውኒንግን ከሁሉም ያስበልጣሉ። ባለ 50 ካሊበሩ ኤም 2 በጆን ብራውኒንግ እጅ የተጀመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ሲሆን፣ በዚህ ስያሜ አገልግሎት የገባው እ.ኤ.አ. በ1933፣ ሠሪው ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ክብደቱ፣ የክፍሎቹ ውፍረትና የጥይቱ ጉልበት ለመኪናም ለታንክም ለመርከብም ተስማሚ አድርገውታል። አንድ ቅሬታ ብቻ አላቸው፦ አፈሙዙ በተቀየረ ቁጥር በመዝጊያውና በጥይቱ መቀመጫ መካከል ያለው ክፍተት በመለኪያ መስተካከል ነበረበት፤ በጨለማ ይህን ያሳሳተ ተኳሽ መሣሪያውን በራሱ ፊት ሊያፈነዳ ይችላል።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቁት ኤም 2 ኤ 1 ላይ ይህን ማስተካከያ እንዳስቀሩትና አፈሙዙም በፍጥነት የሚቀየር እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ሌላውስ?»

«ሌላው ከሞላ ጎደል እንደ ነበረው ነው።»

«ታዲያ ምን ሊነኩት!» አሉና ቀለሁን ወደ መሳቢያው መለሱት።