«እማዬ፣ ና!»

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እንጀራው፣ ቡናው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ቅርብ ነው። ስለዚህ የልጄ አማርኛ ይጠፋል ብዬ አልሰጋሁም። ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ተገለበጠ። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳል።

መጀመሪያ የፊደል ገበታ ገዝቼ ሳሎን ለጠፍኩ። 33 ፊደል በ7 ቤት፣ 231። ቅዳሜ ጠዋት ካርቱኑን እያጠፋሁ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» አስባልኩት። ሁለት ወር ሳይሞላ አማርኛ ለእሱ ቅጣት ሆነ።

የባሰው ጥፋት ግን እንግዳ የመጣ ቀን ነው። አንድ ሽማግሌ ዘመዳችንን ልጄ ደስ ብሎት «ና ብላ!» አላቸው። ቤቱ ሁሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ልዋሽ። ከዚያ በኋላ ለወራት ሰው ፊት አማርኛ አልተነፈሰም።

ሳስበው ልጁ ምን አጠፋ? ቤት ውስጥ ሲሰማ የሚውለው «ና፣ ብላ፣ ተኛ» ነው። «ይምጡ፣ ይብሉ»ን ከየት ያምጣው? እኔንም እኮ «እማዬ፣ ና!» ነበር የሚለኝ። አዲስ አበባ ቢሆን ጎረቤቱም ባለሱቁም ያስተምሩት ነበር። እዚህ ያለነው እኔና አባቱ ብቻ ነን።

ገበታውን አነሳሁት። ሲሳሳት መሳቅም ማረምም ተውኩ፤ ትክክለኛውን በወሬ መሃል መልሼ እለዋለሁ። ከአማቴ ጋር ሳወራም ስልኩን ላውድ ላይ አደርጋለሁ፣ «እንዴት አደሩ፣ ይጫወቱ» ስል እንዲሰማ።

ዋናውን ሥራ የሠሩት ግን እሳቸው ናቸው። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አይችሉም፣ ስለዚህ ማምለጫ የለም። እሁድ ጠዋት፣ አገር ቤት ሲመሽ፣ ይደውላሉ።

«እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልዎት!»

«ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።»

ጤዛን ከየት ይወቃት! «በል አገር ስጠኝ» አሉት። «ሜሪላንድ» አለ። «እሱን አላውቀውም፣ ሌላ!» እንዲህ እንዲህ እያለ ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማን ለመደ። ያ እንቆቅልሽ በተጠየቀ ማግስት አውቶቡስ ስንጠብቅ ሣሩን በእጁ ነካና «ጤዛ!» ብሎ ጮኸ።

አሁን 8 ዓመቱ ነው። ማንበቡ ገና ነው፣ «ቸ» እና «ጨ» ይምታቱበታል። ባለፈው እሁድ ተሸንፎ ላሊበላን ሰጣቸው። ትንሽ ዝም አለና ስልኩ ላይ ተጠግቶ፣ «እሷን እንኳን ይመልሱልኝ» አላቸው።