የማን እጅ ነው?

ዛሬ ያለ ምክንያት ሆድ ብሶኛል። ያቺ ልጅ የላከችልኝ ፎቶ ይሆን እንዴ? የሚሎዋ ቬነስ ናት፣ ያቺ እጅ የሌላት የጥንት ግሪክ ሐውልት፤ በጀሶ የተሠራች ቅጂ። ከአንገት እስከ እግሯ የታወቁ ድርጅቶች አርማ ተለጥፎባታል። ፖፕ አርት የሚሉት ነገር ነው፤ የሱቅ ዕቃንና ማስታወቂያን ጥበብ የሚያደርግ። ደስ ይላል፤ ቀለሙ ደማቅ ነው። ግን ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው አርማዎቹ ላይ ነው። ፊቷ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ያም ከደረሰ።

ይህን ሳስብ አይ ዌይዌይ የሚባለው ቻይናዊ የጥበብ ሰው ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1994 በጥንታዊቷ ቻይና የሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን የተሠራ ማሰሮ ወስዶ የኮካ ኮላን ጽሑፍ ቀባበት። ቅጂ አይደለም፣ እውነተኛው ማሰሮ ነው። ወደ 2000 ዓመት የተጠጋ ዕቃ! ብዙዎች የተናደዱት ስለ ማሰሮው ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ሸክላ ሠሪው ነው። የኮካ ኮላን ጽሑፍ የነደፈው ሰው ይታወቃል፤ ፍራንክ ሮቢንሰን ይባላል፣ የሂሳብ ሠራተኛ ነበር። ጭቃውን አቡክቶ፣ ቅርጽ አውጥቶ፣ እሳት ውስጥ የከተተው ሰው ግን ማን ነው? ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አይታወቅም።

ቬነስም ከዚህ ብዙ አልራቀችም። በ1820 ሚሎስ በምትባል የግሪክ ደሴት ላይ ስትገኝ የቀራጺ ስም የተጻፈበት የመቆሚያ ድንጋይ አብሮ ተገኝቶ ነበር። አሌክሳንድሮስ ይላል ተብሎ ነው የሚነበበው። ድንጋዩ በኋላ ጠፋ። የቀረው በወረቀት የተነሣው ሥዕሉ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን ጄምስ ሃርቪ ነው። ሠዓሊ ነበር፣ ያውም አብስትራክት የሚሉት የረቂቅ ሥዕል ሰው። ለእንጀራው ደግሞ የዕቃ ማሸጊያ ይነድፍ ነበር። ብሪሎ የሚባለው የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ የሚታሸግበትን ካርቶን የነደፈው እሱ ነው። በ1964 አንዲ ዋርሆል፣ ዝነኛው አሜሪካዊ የፖፕ አርት ሰው፣ ያንኑ ካርቶን በጣውላ አሠርቶ፣ ጽሑፉን አትሞበት ኒውዮርክ ውስጥ ለእይታ አቀረበው። ከዚያ ወዲህ የዋርሆል ብሪሎ ነው። ሃርቪ በማግስቱ ዓመት ሞተ።

ዋርሆልን አልወቅሰውም። ሰው በየሱቁ እያየ የሚያልፈውን ነገር ቆም ብሎ እንዲያይ አድርጓል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሳጥኑ ያምራል የምንለው ግን የሃርቪን ቀይና ሰማያዊ፣ የሃርቪን ፊደላት እያየን ነው። የሃርቪን የራሱን ሥዕሎች የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። የለፋባቸው፣ ልቡን የሰጣቸው እነሱ ይመስሉኛል። ዓለም ያቆየው ግን ለደመወዝ የሠራውን ነው፣ እሱንም በሌላ ሰው ስም።

ሃርቪ ራሱ ቢጠየቅ የትኛውን «የኔ ነው» ይል ነበር?